የለዘብተኛው ክትፎ

የመካከለኛው ምሥራቅን ሰላም በምሳ ሰዓት የሚያመጣ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ፌርፋክስ ላይ ፓርኪንግ የሚሠሩት ጋሼ ደምሴ ገጥመውኛል። "ለዘብተኞቹ አረቦች ሁለቱን ወገን አንድ ገበታ ላይ ያስቀምጡ እንጂ፣ ሰላሙ ራሱ ይመጣል" ይላሉ።

ባለፈው ረቡዕ ይህንኑ ሞከሩት። በታክሲ ማቆሚያ ቦታ ተጣልተው የተኳረፉትን ሁለት ሾፌሮች፣ የወሎውን ሁሴንንና ተስፋዬን፣ እኔም ባለሁበት ምግብ ቤት ምሳ ጠሩና፣ መሃላቸው ተቀምጠው ትልቅ ክትፎ አዘዙ።

ሁሴን ትሪውን አየ።

"ጋሼ፣ እኔ የክርስቲያን ሥጋ እንደማልበላ ያውቃሉ።"

"ዛሬ ረቡዕ አይደል እንዴ? እኔ ደግሞ እጾማለሁ" አለ ተስፋዬ።

ሁለቱ ከወራት ኩርፊያ በኋላ ተያይተው ሳቁ። ከዚያም አንድ ሽሮ አዘው ሌላ ጠረጴዛ ላይ አብረው ተቀመጡ።

ጋሼ ደምሴ ክትፎውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

"እርስዎስ አይጾሙም?" አልኳቸው።

"እኔ በጾምም ለዘብተኛ ነኝ" አሉኝ።