እማማ ወርቄና ዘጠና ሦስት

የእኛ ሰፈር ታላላቅ ሰዎች በስንት ዓመታቸው እንደሚሞቱ ታውቃላችሁ? በዘጠና ሦስት! አትሳቁ፣ እውነቴን ነው።

የምኖረው ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነው። መጀመሪያ ግማሹን ከተማ ያስተማሩት ርዕሰ መምህር ሞቱ። ዘጠና ሦስት። ቀጥሎ ተጫዋች ቀርቶ ደጋፊ በቀይ ካርድ ያስወጡ የነበሩት የኳስ ዳኛ አረፉ። እሳቸውም ዘጠና ሦስት። ከዚያ የስንቱን ሙሽራ ሚዜ በአውቶቡሳቸው ያመላለሱት ባለሀብት ተከተሉ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አንዱ ዕድሜያቸውን ጠየቀ። ልጃቸው «ዘጠና ሦስት» ሲል፣ ካርታ የሚጫወቱት ሁሉ ካርታቸውን አስቀመጡ።

ታዲያ እኔን ምን አገባኝ? አክስቴ እማማ ወርቄ አሉኛ! ሐይቁ ዳር ዓሣ ጠብሰው ከተማውን ያበሉ ሴት ናቸው። ባለሥልጣንም ሆነ ሹፌር፣ ወረፋ ካልጠበቀ አያስተናግዱም ነበር። እሳቸውም በዚያው ዓመት፣ ለኅዳር ሚካኤል፣ ዘጠና ሦስት ሞላቸው።

እኛ ቤተሰቦቻቸው ተሸበርን። ወሬው ጆሯቸው እንዳይደርስ ተማከርን። ምን ዋጋ አለው? ራሳቸው ጠሩኝና፣ «ሰማህ? ተራው የእኔ ነው» አሉኝ። ፊታቸው ላይ ፍርሃት ብፈልግ የለም። ኩራት ነው ያለው!

«ኧረ እትዬ፣ ምን ነካዎት?»

«ምን ይነካኛል? ከእነዚያ ሰዎች ጋር መቆጠር ቀላል ነው እንዴ?»

ያንን ዓመት እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። እሳቸው ባስነጠሳቸው ቁጥር የእኔ ስልክ ይጮኻል። አንድ ቀን ሆዳቸውን ይዘው «መጣ!» አሉ። በባጃጅ ይዣቸው ከነፍኩ። ሐኪሟ መርምራ ስታበቃ፣ ጨጓራ ነው፣ በርበሬ ይቀንሱ አለቻቸው። እንዴት እንደተናደዱ! ሌላው በክብር ሲሄድ እኔ በርበሬ ልቀንስ? እያሉ ቤት እስክንደርስ አጉረመረሙ።

ኅዳር ሚካኤል ዞሮ መጣ። በጠዋት ስሄድ ደጃፋቸው በሰው ተሞልቷል። አረፉ ብዬ ሮጥኩ። ወዲያው እልልታ ሰማሁ! ዘጠና አራት ሞልቷቸዋል! ባጃጆች ተሰልፈው ጥሩምባቸውን ያስጮኻሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «ሪከርድ ሰበሩ!» እያሉ ይጨፍራሉ።

እማማ ግን ጥግ ይዘው አኩርፈዋል። ጠጋ ብል፣ «እኔ እንግዲህ ታላቅ ሰው አልነበርኩም ማለት ነው?» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ያዳነችኝ የዚያ የሟቹ የኳስ ዳኛ ልጅ ናት። ጉልበታቸውን ስማ አጠገባቸው ቁጭ አለች። «እማማ፣ አባባ እኮ እስከ መጨረሻው የባከነ ሰዓት ይጨመርልኝ ሲል ነበር። ለእርስዎ ተጨምሮልዎት ያኮርፋሉ?»

ቀስ ብለው ተነሱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ባጃጅ ላይ ወጡ። ሐይቁ ድረስ በጥሩምባ አጀብናቸው። በየመንገዱ እጃቸውን ሲያውለበልቡ ብታዩ፣ ዋንጫ ይዘው የሚመለሱ ነበር የሚመስሉት!

በማግስቱ ጫማ ልግዛ ብለው ገበያ ይዘውኝ ወጡ። ባለሱቁ አንድ ጥቁር ጫማ አወረደና፣ «ይሄ እማማ፣ አምስት ዓመት ያለ ሐሳብ ያስኬድዎታል» አላቸው።

ጫማውን ገልብጠው ሶሉን አገላብጠው አዩት።

«ከዚያ በኋላስ» አሉት፣ «በባዶ እግሬ ልሂድ ነው?»