የባይ ሊዩቤን ሣጥኖችና ቀስቶች

የትኛውም የሶፍትዌር ቢሮ ያለ ኢንተርኔት አንድ ቀን ሊውል ይችላል፤ ያለ አንድ ሥዕል አምላኪ ግን አይውልም። ለእኛ ለፕሎቭዲቭ ከተማ ፕሮግራመኞች የደረሱን ክቡር ሊቀ ሠዓሊያን ባይ ሊዩቤን ናቸው፤ «ባይ» በእኛ አገር «ጋሼ» እንደ ማለት ነው።

ሃይማኖታቸው አጭር ናት፦ «ሥዕሉ ከተስተካከለ ኮዱ ራሱ ይመጣል።» ሣጥን ይሥላሉ፣ ከሣጥን ወደ ሣጥን ቀስት ይሰዳሉ፣ ከዚያ አንዲት ቁልፍ ሲጫኑ ማሽኑ ሥዕሉን ወደ ኮድ ይቀይረዋል። የልጃቸውን ሠርግ ሳይቀር እንዲሁ ሥለው አቀዱት። የሙሽራው አክስት ሥዕሉ ላይ ስላልነበረች ወንበር አጥታ ቆማ ዋለች።

እውነቱን ለመናገር ማሽኑ የሚያወጣው አጥንቱን ብቻ ነው። ሥጋውን እዚያው ፋይል ውስጥ በእጃችን የምንሞላው እኛ ነን። እሳቸው ደግሞ አንዲት ቀስት ባቃኑ ቁጥር ቁልፋቸውን ይጫናሉ፤ ያን ጊዜ የእኛ ሥጋ ድራሹ ይጠፋል። ደንበኛችን ለሆነው አውቶቡስ ጣቢያ የጻፍኩት የጡረተኞች የቲኬት ቅናሽ ኮድ እንዲህ ሆኖ ቀረ።

«ባይ ሊዩቤን፣ ሥራዬን በሉት እኮ!»

«ሥዕሉ ላይ ነበር?»

«አልነበረም።»

«ታዲያ መቼ ኖረና ይጠፋል፣ ልጄ?» ብለው ቸኮሌት ዘረጉልኝ። የስማቸው ቀን፣ ማለትም ስማቸውን የያዙት ቅዱስ የሚከበሩበት በዓል ነበር፤ በስሙ ቀን የሚጋብዝን ሰው መቆጣት ደግሞ ነውር ነው። እየተቃጠልኩ ሁለት አነሳሁና ቅናሹን እንደገና ልጽፍ ተቀመጥኩ።

አለቃችን ኔቬና ወሬው ደረሳት። «እስቲ እውነቱን ንገረኝ ካሜን፣ የሳቸው ሥዕል ይረባል? አይረባም ካልከኝ ነገውኑ ይነሳል፤ እሳቸውም በክብር ጡረታ ይውጡ።»

«አይረባም» ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ማስረጃ ላመጣ ብዬ ሥዕሉ ወደተሰቀለበት ግድግዳ ሄድኩ። ከቅናሹ ቀስት ሥር በቀይ የተከበበች አዲስ ሣጥን አለች፦ «እዚህ የካሜን እጅ አለ። ማሽኑ እንዳይነካ።»

ዞር ስል ባይ ሊዩቤን ቁልፋቸውን ሲጫኑ አየሁ። ሮጬ ፋይሉን ስከፍት እንደገና የጻፍኩት ቅናሽ እንዳለ አለ።

«አሁን ሥዕሉ ላይ አለህ» አሉኝ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

ወደ ኔቬና ተመለስኩ። «ይረባል» አልኳት። «አጥንቱንም በእጅህ ጻፍ ካልሽኝ ጡረታ የምወጣው እኔ ነኝ።»

የሙሽራው አክስት ያላገኘችውን ቦታ አግኝቻለሁ። እወዳቸዋለሁ፣ ምን ላድርግ!