የትሎቹ እድር

ትናንት ጋሽ ዘርጋው ሞትን ሲጠብቁ እንቅልፍ ቀድሞ መጣና ሕልም አዩ።

በሕልማቸው የሚበሰብስ ነገር ጠፍቷል። ጓሯቸው ውስጥ የረገፈው የአቮካዶ ቅጠል ተመልሶ ቅርንጫፉ ላይ ወጣ። የሙዝ ልጣጭ ባዶ ሆዱን ዘግቶ እንደ ሙሉ ሙዝ ተኮፈሰ። አምና የሞተው በሬያቸው ደግሞ በር ላይ ቆሞ «ጌታዬ፣ የሚረከበኝ አጣሁ» አላቸው።

«ትሎቹስ?»

«ስብሰባ ላይ ናቸው።»

ስብሰባው የእርሳቸው ብርድ ልብስ ላይ ነበር። የጓሮው ትል በሙሉ፣ ምስጡም ጭምር፣ እድርተኛ ሆኖ ተሰልፏል። ዝንብ ጡሩንባ ነፋች። የእድሩ ዳኛ፣ ጋቢ የደረበ ወፍራም ትል፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሽ ዘርጋው፣ ለልመና ነው የመጣነው። እባክዎ አይሙቱ።»

ጋሽ ዘርጋው ሳቃቸው መጣ። «ዕድሜ ልኬን እበትና ገለባ ሳጎርሳችሁ ኖሬ፣ ዛሬ ራሴን ስሰጣችሁ እምቢ?»

«የማይጥሙ ሆነው አይደለም» አለ ዳኛው። «ልጅዎ ምንተስኖት እርስዎ በሞቱ ማግስት ጓሮውን ሲሚንቶ ሊያለብሰው ነው። የሚከራይ ክፍል ይሠራበታል። ያኔ እኛ የት እንግባ? ምንስ ይበቅላል?»

የሽማግሌው ደም ፈላ። ያንን አፈር የሠሩት እርሳቸው ናቸው፤ ሲረከቡት ኮረት ብቻ ነበር።

«መበስበስን አልፈራውም፤ ደግ ነገር ነው» አሉ። «ቀኑን የምቆርጠው ግን እኔ ነኝ! ሂዱ፣ ሥራችሁን ሥሩ!»

ትሎቹ እልል አሉ። በእልልታው ጋሽ ዘርጋው ነቁ።

ለካስ እልልታ ሳይሆን ልቅሶ ነው። እንቅልፋቸው ሲበዛ ምንተስኖት «አባቴ ሞተዋል» ብሎ ጡሩንባ አስነፍቷል፤ እስትንፋስ ለማዳመጥ ማን ጊዜ አለው! ደጅ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል። ጓሮ በኩል የአካፋ ድምፅ ይሰማል። ሬሳው ሳይወጣ ሲሚንቶው ገብቷል።

ጋሽ ዘርጋው ብርድ ልብሳቸውን እንደተከናነቡ ወጡ። ለቀስተኛው ሁሉ እየተገፋፋ መንገድ ለቀቀላቸው። ከድንኳኑ አንድ ሰሃን ንፍሮ አንስተው ጓሮ ዘለቁና የፍግ ክምራቸው ላይ ተቀመጡ።

አካፋው ከምንተስኖት እጅ ወደቀ። «አባዬ! ሞተዋል ብለን እኮ...»

«ሲሚንቶህን ሳይደርቅ ወደ መጣበት መልሰው።»

ከንፍሮው አንድ እፍኝ ዘግነው ክምሩ ላይ በተኑ።

«እናንተም ለጊዜው ይችን እየቀመሳችሁ ቆዩኝ» አሉ፣ ወደ አፈሩ ጎንበስ ብለው።