በሽሎን የተሻገረው ክንዴ

እኛ የእስቴና የስማዳ ሰዎች ከውሃ ጋር ያለን ዝምድና የአማትና የምራት ዓይነት ነው፤ ተከባብረን፣ ግን ተራርቀን። ውሃ ለእኛ ሁለት ነው፤ የሚሻገሩትና የሚጠመቁት። የሚሻገሩትን ክረምት ሲሞላ ዳር ቆመን እንረግመዋለን፤ የሚጠመቁትን አማትበን፣ ልብሳችንን እንደለበስን እንገባበታለን። ልደሰት ብሎ ውሃ ውስጥ የሚገባ ሰው ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁና፣ ጤንነቱ ያጠራጥረናል። ሰው ቀኑን ሙሉ ሲንሳፈፍበት የሚውል ሦስተኛ ዓይነት ውሃ መኖሩን ያወቅነው የጽዋ ማኅበራችን ዘንድሮ «ጣና ላይ በጀልባ እንዋል» ብሎ የወሰነ ዕለት ነው። ሁሉም በደስታ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ከሁሉ ቀድሞ ማጨብጨቡን ያቆመው ግን እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ስለ ውሸት ትንሽ ላውጋችሁ።

ውሸት ስትወለድ ትንሽ ናት። አሳዳጊዎቿ እኛ ነን። እኔ መካነ ኢየሱስ ከተማ በረንዳ ላይ መኪናዬን ዘርግቼ ልብስ እሰፋለሁ። መቼም የልብስ ሰፊ በረንዳ ያለ ወሬ አይደምቅም፤ ሱሪው እስኪጠብ የሚጠብቀውን ሰው በምን ይዘኸው ትቆያለህ? እናም ከሃያ ዓመት በፊት አንድ ደንበኛዬን ሳጫውት የበሽሎን ወንዝ በሐምሌ ሙላት ዋኝቼ ተሻግሬያለሁ አልኩት። ስማዳ ተወልጄ በሽሎን አላውቀው ይሆን? ሰውየው አፉን ከፍቶ ሲሰማኝ ጊዜ ጣፈጠኝ። በዓመቱ በአንድ ክንዴ ብቻ ነው የዋኘሁት፣ በሌላው ልብሴን አናቴ ላይ ይዤ ነበር ብዬ ጨመርኩበት። ከዚያ ግንድ መጣ። አዞው የገባው በሦስተኛው ዓመት ነው።

እርግጥ ነው፣ በሽሎን ተሻግሬያለሁ። ጎረምሳ ሳለሁ ስፌት ልማር ወደ ማዶ ስሄድ ወንዙ ሞልቶ ጠበቀኝ። በዚያ አገር ውሃ የሚያውቁ ሰዎች መንገደኛውን የተነፋ የፍየል ስልቻ ላይ በደረቱ ያስተኙና አንዱ ከፊት እየጎተተ፣ አንዱ ከኋላ እየገፋ ያሻግሩታል። እኔንም እንደ ጭነት አሻገሩኝ። ከዳር እስከ ዳር ዓይኔን አልገለጥኩም። አዞ ቢኖርም እንኳ አላየሁትም።

ይህን ታሪክ ስቀጥፍ ከጎኔ የምትቀመጠው ባለቤቴ አንጓች ናት። እኔ ስሰፋ እሷ የቀሚስ ጥልፍ ትጠልፋለች። ወጓን ባታበዛም የተወደደች ሴት ናት። ግንዱ ሲመጣም፣ አዞው ሲመጣም ቀና ሳትል ሰምታኝ «ክሩን አቀብለኝ» ትላለች። በቃ፣ ሌላ የለም። እኔም በባሏ ጀግንነት ስለተማረረች ይሆናል እያልኩ አቀብላታለሁ።

እንግዲህ ከፋሲካ በኋላ፣ ጾም በሌለበት ሰሞን፣ ባሕር ዳር አድረን ማለዳ ጀልባ ላይ ወጣን። ሃያ አንድ ነን። የማኅበራችን መሪ ጋሽ ደስታው ከፊት ተቀመጡ፤ እንደ ደንቡ የማኅበር መሪ ሙሴ ስለሚባል፣ ሙሴ ባለበት ባሕር አያስፈራም እየተባለ ተሳቀ። የንስሐ አባቴ መምሬ ጥላሁን መስቀላቸውን ይዘው መሐል ላይ ሆኑ። ጀልባ ነጂው፣ ፀሐይ ያጠቆረው ጎልማሳ፣ ለያንዳንዳችን ከመስጠም የሚያድን ብርቱካንማ ላይፍ ጃኬት አደለን። ጋቢ ላይ፣ ካባ ላይ፣ ጥልፍ ቀሚስ ላይ አጠለቅነውና እርስ በርስ ተያይተን እስኪያመን ሳቅን። እኔ ግን ስፌቱን ገልብጬ አየሁት። ክሩ ሁለት ቦታ ተዝረክርኳል። ከማኅበሩ ሁሉ አጥብቆ ያሰረው ሰው ያ የበሽሎው ጀግና ነበር፤ ጋሽ ደስታው ቢያዩኝ ደንብ ማክበር ነው አልኳቸው።

ጀልባዋ ስትነሳ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ወንዶቹ የአግዳሚውን ጠርዝ ጨበጥን። ከባሕር ዳር ራቅ ስንል ግን ነፋሱ ፊታችንን ዳበሰው፣ ይብራ የሚባሉት የውሃ ወፎች ከፊታችን ተነሥተው በረሩ፣ አንድ ሰው መዝሙር ጀመረ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመን። በዕድሜያቸው ከእስቴ ወጥተው የማያውቁ አባት «ይኼ ሁሉ ሜዳ ባዶውን ነው የሚያድር?» ብለው ውሃውን ለማረስ ያሰቡ ይመስል አሻግረው ሲለኩት ነበር። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። ፍርሃቴን ረሳሁት ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያዋ ደሴት ገዳም ሴት ስለማታስገባ እኛ ወንዶቹ ተሳልመን እስክንመለስ ሴቶቹ ጀልባው ላይ ቆዩ። ስንመለስ አንጓች ጀልባ ነጂውን ስለ ነፋሱ፣ ስለ ጥልቀቱ፣ ውሃው ከየት ወደየት እንደሚስብ ትጠይቀዋለች። ሴት ሥራ ስትፈታ የማትጠይቀው የለም ብዬ አለፍኩት። ወንድ ስንባል እንዲህ ነን፤ ያየነውን ነገር ተርጉመን ስለምንጨርስ ምን እንደሆነ አንጠይቅም።

ሁለተኛዋ ደሴት ሁላችንንም ተቀበለችን። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ተቀድቶ ማኅበሩ ተደረገ። በመጨረሻም ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ተላለፈ፤ ተረኛው እኔ ነኝ። ጽዋችን ከቅል የተሠራ፣ በቆዳ የተለበጠ፣ አንገቱ ላይ ዛጎል የተደረደረበት ነው። የማኅበሩ አባቶች እየተቀባበሉ ለእኛ አድርሰውታል፤ ብዙዎቹ ዛሬ አፈር ውስጥ ናቸው። በሁለት እጄ ተቀበልኩት፣ ሳምኩት፣ ከቤቴ እስካገባው ድረስ አደራው የኔ ሆነ።

ከዚያ ወደ ዳሩ ወረድን። ጀልባ ነጂው እዚህ መዋኘት ይቻላል አለን። የኛ ሰዎች እንደሚያውቁት አደረጉ፤ አማትበው፣ ከነልብሳቸው እስከ ጉልበታቸው ገብተው፣ ሦስት ጊዜ ብድግ ቁጭ አሉና እየተንቀጠቀጡ ወጡ። ዋናው ይህ ነው ብለው ረክተው ሳለ ጋሽ ደስታው ወደኔ ዞሩ። በል እንግዲህ ፈንታሁን፣ ሃያ ዓመት የሰማነውን ዛሬ እንየው አሉኝ። ሁሉም መጥቶ ከበበኝ። ቆርቤያለሁ ልል አሰብኩ፤ የቆረበ ሰው በዚያ ቀን ውሃ ውስጥ አይገባምና የታወቀ ማምለጫ ነው። ግን ጠዋት ሁለት ዳቦ ስበላ ያዩኝ መምሬ ፊት ለፊቴ ቆመዋል። ስለዚህ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ እኔ የለመድኩት የሚሮጥ ውሃ ነው፣ የቆመ ውሃ ክንዴን አይዘውም አልኩ። የሚገርማችሁ አመኑኝ። እንዲያውም አንዱ «እውነቱን ነው» ብሎ አስረዳልኝ። አንጓች ዞር ብላ ነጠላዋን ስታስተካክል ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ በረዳት ብዬ አዘንኩላት።

ለመመለስ ተሳፈርን። ጀልባ ነጂው በረጅም እንጨት ዳሩ ላይ ከበቀለው ደንገል መሐል ገፍቶ አወጣንና ሞተሩን ለማስነሳት ገመዱን መሳብ ጀመረ። እኔ ጽዋውን አጠገቤ አግዳሚው ጫፍ ላይ አስቀምጬ ተደላድያለሁ። ከዋናው አምልጬ የለ? ጋሽ ደስታው ካልዋኘህስ እስቲ በሽሎን በአፍህ አሻግረን ሲሉኝ ልቤ ሞላ። ተነሣሁ። ከሙላቱ ጀመርኩ፣ ግንዱን አሳለፍኩ፣ አዞው ጋ ደረስኩ። በግራ እጄ ልብሴን አናቴ ላይ ይዣለሁ፣ በቀኝ ክንዴ ውሃውን እንዲህ ስቀዝፍ አልኩና ቀዘፍኩ። ክንዴ ጽዋውን መታው።

ጽዋው ውሃ ላይ ጠብ ሲል ያሰማው ድምፅ ትንሽ ነበር። ቅል በመሆኑ አልሰመጠም፤ እያጋደለ፣ በአፉ እየጠጣ፣ ነፋሱ ወደ መሐል ይነዳው ጀመር። ጀልባ ነጂው ገመዱን ይስባል፣ ሞተሩ ያስላል፣ ይተኛል። የሁሉም ዓይን ወደኔ ዞረ። ማንም በቁጣ አላየኝም፤ ያ ነው የባሰው። በእምነት ነው ያዩኝ። መምሬ ጥላሁን እንኳ «በል ልጄ፣ እግዚአብሔር ያዘጋጀህ ለዚህ ቀን ኖሯል» አሉኝ። እጄ የጃኬቱ ማሰሪያ ላይ ነው፤ ልፈታው ይሁን ላጠብቀው እኔም አላወቅሁም። ውሸቴን ብናገር ጽዋው ይሄዳል፤ ብዘል እኔም ጽዋውም እንሄዳለን። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

አንጓች ተነሣች። ጃኬቷን ፈታች፣ መቀነቷን አጠበቀች፣ ነጠላዋን አጣጥፋ እጄ ላይ አኖረችው።

«ያዝልኝ» አለች።

ከዚያ ገባች። አዘላለሏ እንደ ወይዘሮ አልነበረም፤ ውሃውን ሳትረብሽ ነው የገባችው። ሴቶቹ ጮኹ፤ ከዚያ ጩኸቱ ቀስ ብሎ ጠፋ፤ ምክንያቱም የምትሰምጥ ሰው እንደዚያ አትሄድም። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ በሁለት ክንዷ በእርጋታ እየቆረጠች፣ ጽዋው ጋ ደረሰች። አንገቱን ያዘችው። በአንድ ክንዷ ከፍ አድርጋ ይዛ፣ በሌላው እየዋኘች ተመለሰች። በአንድ ክንድ፣ ልብ በሉ። የኔ ታሪክ በፊቴ እየዋኘ መጣ።

ጎትተን አወጣናት። ጽዋውን ለመምሬ አስረከበች፤ አንዲት ዛጎል እንኳ አልጎደለችም። ጋሽ ደስታው የት ተማርሽው ልጄ ብለው ጠየቋት። ውሃው ከሹሩባዋ እየተንጠባጠበ ቀና ብላ አየችኝ። ሃያ ዓመት የደረደርኩት ሁሉ በዚያች ሴት አፍ ላይ ተንጠልጥሏል።

«እሱ ነዋ ያስተማረኝ» አለች።

ሆታው ምድርን አናወጠው ልበላችሁ። ትከሻዬን መቱኝ፣ ሳሙኝ፣ እነሆ ጀግና ማለት ራሱ ሳይገባ ሚስቱን የሚልክ ነው እስከማለት የደረሰም ነበር። ሞተሩም ያን ጊዜ ተነሣ። እስከ ባሕር ዳር ሲጨፈር እኔ የአንጓችን ነጠላ እንደታቀፍኩ ተቀምጬ ነበር።

ቤታችን ስንገባ ጠየቅኋት። ከቆላው፣ ከወንዙ ዳር መምጣቷን አውቃለሁ፤ ወገዳ ከተማ አጎቷ ቤት ነው ያገባኋት፤ ግን ዋና ትችያለሽ ወይ ብሎ ሚስቱን የሚጠይቅ ማን አለ? አባቷ በሙላት ጊዜ መንገደኛ ያሻግሩ ነበር አለችኝ። እሷም ስልቻውን ከኋላ ትገፋላቸው ነበር። «አንተንም ገፍቼሃለሁ» አለች ጥልፏን ሳታቋርጥ። «ዓይንህን ጨፍነህ ሚካኤል፣ ሚካኤል ስትል አሳዘንከኝ። ወገዳ መጥተህ ለጋብቻ ስትጠይቀኝ ወዲያው ነው ያወቅኩህ።» ታዲያ አውቀሽ ለምን አገባሽኝ፣ ሃያ ዓመትስ ለምን ዝም አልሽ አልኳት። ክሩን አቀብለኝ አለችኝ። አቀበልኳት። እንደ ልጅ አለቀስኩ፣ እሷም እየሳቀች አየችኝ።

በወሩ ማኅበሩ እኔ ቤት ተሰበሰበ። ጽዋው መሐል ተቀምጧል። እሱ ፊት መዋሸት አልቻልኩም። ተነሥቼ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ስልቻውን፣ የተጨፈነውን ዓይኔን፣ አዞው የበረንዳ አዞ መሆኑን፣ በሽሎን በክንዷ የቆረጠችው እሷ እንጂ እኔ አለመሆኔን። ላብ አጥምቆኝ ተቀመጥኩ። 

መምሬ ጥላሁን መስቀላቸውን አነሡ። «አያችሁ ልጆቼ» አሉ፣ «ትሕትና ማለት ይህ ነው።»

ጋሽ ደስታው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ለሚስቱ ክብር ሲል ስሙን የጣለ ወንድ በዚህ ዘመን የት ይገኛል አሉ። አይደለም፣ እውነቴን ነው ብዬ ማልኩ፤ በማልኩ ቁጥር እያዘኑልኝ ይበልጥ አከበሩኝ። ውሸቴን ሃያ ዓመት ያመኑ ሰዎች እውነቴን አንድ ቀን እንኳ አላመኑኝም። እንዲያውም የከርሞው ጉዞ ላይ መጀመሪያ የምዘለው እኔ እንድሆን በአንድ ድምፅ ተወሰነ። አንጓች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሰው ገበያ ሲውል፣ እኔና ባለቤቴ ከከተማው ራቅ ብሎ ካለ ኩሬ እንወርዳለን። እሷ ከሥሬ እጇን ዘርግታ ትይዘኛለች፣ እኔ በጀርባዬ እጋደማለሁ። ባለፈው ሳምንት ሳላውቅ እጇን ስባ ብቻዬን እንደተንሳፈፍኩ ነገረችኝ። ዓይኔን ግን ገና አልገለጥኩም።