አልሞትኩም ለማለት ፈቃድ

ሰው ሥልጣን አይወድም የሚል ካለ፣ የቴሌግራም ግሩፕ አድሚን ሆኖ አያውቅም ማለት ነው። እኔ በቤቴ የቴሌቪዥኑን ሪሞት እንኳ ይዤ አላውቅም። የጉለሌው እድራችን ግን ጡሩንባ ነፊውን በክብር አሰናብቶ ግሩፕ ሲከፍት፣ አንተ የተማርክ ነህ ብለው አድሚን አደረጉኝ። በአንድ ጀምበር የሰፈሩ አባወራ አፍ ሁሉ እጄ ገባ።

መጀመሪያ ላይ፣ ማርያምን፣ ደግ ገዢ ነበርኩ። ሁሉም የመሰለውን ይጻፍ አልኩ። ጻፉ! ቅቤ የሚሸጠው ጻፈ፣ ስኳር በሽታን በነጭ ሽንኩርት የሚያድነው ጻፈ፣ በፖለቲካ የተኳረፉትማ ለቀብር እንኳ አንድ ታክሲ አንሳፈርም ተባባሉ። ይህንን ሁሉ ቻልኩት። አንዱ ግን የባለሱቁ የሰዒድ በርበሬ ሸክላ ተፈጭቶ የተቀላቀለበት ነው ብሎ ለጠፈ። ዓይን ያወጣ ውሸት! ስንት ዓመት የበላሁት በርበሬ ነው እኮ። ግን ማን ይሰማል? ሳምንት ሙሉ ሱቁ ጭር አለ። ሰዒድ ሱቁን ዘግቶ ወደ ሸጎሌ ሰፈር ሊዛወር እንደሆነ ሲነግረኝ ቀና ብሎ አላየኝም። አንጀቴን በላው። ውሸቱን አጠፋሁና በዚያው ንዴቴ ግሩፑን ቆለፍኩት፤ ከእንግዲህ የሚጽፈው አድሚን ብቻ ነው። አድሚን ማለት እኔ ነኝ።

ምን ዓይነት ሰላም መሰላችሁ! እስከ ጋሽ ታደሰ ድረስ።

ጋሽ ታደሰ የእድሩ ንብረት ጠባቂ ናቸው። ልባቸውን ታመው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ የእድሩ ድንኳን በራቸው ላይ ተዘርግቷል፤ ወንበሩም ወጥቷል። እስቲ ፍረዱኝ፣ ይህን አይቶ ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ የሰፈር ሰው አለ? እንባዬ መጣ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ማረፋቸውን ለጠፍኩ፤ ስልኬንም ድምፁን አጥፍቼ ሥራ ገባሁ።

ለካ ሰውየው ድነው ወጥተው፣ ክረምቱ ያሻገተውን ድንኳን ፀሐይ እያስመቱት ኖሯል! መርዷቸውን ወንበር ላይ ተቀምጠው አነበቡ። ኧረ አለሁ ብለው ሊጽፉ ሞከሩ፤ ስልኩ እምቢ አለ። እኔ ጋ ደወሉ፤ አልሰማሁም። አዳማ ያለችው ልጃቸው ሂሩት ጋ ደወሉ፤ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ መርዶውን ግሩፑ ላይ አይታ ስልኳን ጥላ እየጮኸች ወጥታለች አሏቸው ስልኩን ያነሡት ጎረቤቶቿ። ጋሽ ታደሰን የራሳቸው ሞት አላስጨነቃቸውም፤ ያስጨነቃቸው የእሷ መንገድ ነው። እሷ መኪና አጥታ ስትንገላታ፣ እሳቸው ቀኑን ሙሉ በር ላይ ቆመው ጠበቋት።

ስትደርስ እግራቸው ሥር ተዘርፍጣ አለቀሰች። እሷም ጽንሱም ደህና ናቸው፣ ተመስገን። እኔ ግን ከሥራ ስመለስ ያንን ለቅሶ ሰማሁት፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በእሑድ ስብሰባ ግሩፑ ይከፈት ተባለ። ሰዒድ ተነሥቶ፣ ይከፈት፣ ግን የሰው ስም ያጠፋ እዚያው በአደባባይ ያስተካክል አለ። ሁሉም ተስማማ። እኔን ሊሽሩኝ ሲሉ የለመኑልኝ፣ አታምኑኝም፣ ጋሽ ታደሰ ናቸው። ልጁ ጥድፊያ እንጂ ክፋት የለበትም፣ አድሚንነቱ ይቆይለት፣ ብቻ ከመለጠፉ በፊት ለእኔ ያሳየኝ አሉ።

እናም ዛሬ በግሩፓችን ሁሉም ሰው እንደልቡ ይጽፋል። እኔ ግን ሟቹ ካልፈቀዱልኝ አንዲት ቃል አልለጥፍም።