ሁለት ቀን ከመጋረጃ ጀርባ

የአዳማ ሰው ፀሐይን ማማት ይወዳል፤ ሐሜቱን የሚያወራው ግን እዚያው ፀሐይ ላይ ቆሞ ነው። ለእናንተ ወሬ ነው፣ ለእኔ ጠላት። ከተወለድኩ ጀምሮ ቆዳዬ ቀለም የለውም፤ ሐኪሞች አልቢኒዝም ይሉታል። ሰፈርተኛው ያወጣልኝን ስም አልቆጥርላችሁም።

በዲግሪ ተመርቄ ግብርና መሥሪያ ቤት ስቀጠር የተመደብኩት ዕቅድ ክፍል ነበር። አለቃዬ ጋሽ በቀለ በሳምንቱ ወደ መስክ አወጡኝ። ምክንያቱን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠፋኝም። ወለንጪቲና ባቱ ማሳ ስለካ አሥራ አንድ ዓመት ተጠበስኩ። በመጨረሻ ግንባሬ ላይ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክሩ ነጠብጣቦች ወጡ። ሐኪሟ ገና ካንሰር እንዳልሆኑ፣ ከተተዉ ግን ሊሆኑ እንደሚችሉ ነገረችኝ። መድኃኒቱስ? ብርሃን። ሳቄ መጣ። እሾህን በእሾህ ይሏል ይሄ ነው።

ቅባት ቀብታ፣ ሦስት ሰዓት ሸፍና አቆይታ፣ ቀይ መብራት አበራችበት። ሚጥሚጣ የተነሰነሰብኝ መሰለኝ። ቅባቱ ከቆዳዬ እስኪጠፋ ሁለት ቀን የቀን ብርሃን እንዳያገኘኝ፣ ካገኘኝ እንደሚያቃጥለኝ አስጠንቅቃ ሸኘችኝ።

እስቲ በአገራችን ሁለት ቀን ተደብቆ መታመም ይቻላል? ጠያቂ አለ። ጠያቂ ደግሞ ብርቱካኑን ሳያስቀምጥ መጋረጃ ይከፍታል፤ በሽተኛ ጨለማ ውስጥ አይተኛማ። ባለቤቴ ከበር ላይ ስትመልስ ዋለች። በሁለተኛው ቀን እሷ ገበያ እንደወጣች የገቡት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ወሬው የደረሳቸው፣ ጡረታ የወጡት ጋሽ በቀለ።

“አካም ጅርታ፣ ልጄ? ምነው ቤቱን መቃብር አስመሰልከው?” ብለው እጃቸውን ወደ መጋረጃው ሰደዱ።

“ይተዉት፣ ጋሼ። ሁለተኛ ፀሐይ ላይ አያወጡኝም።”

እጃቸው ባለበት ቀረ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አዝዣቸው አላውቅም። ወንበሩ የት እንዳለ ጠፋቸው፤ ከቆዳዬ ጋር ከውልደቴ ዓይኔም የደከመው እኔ ክንዳቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው።

“ያኔ ቢሮ የሚመጣ እንግዳ ይደነግጣል ብዬ ነው” አሉ። “ጥፋቴ ነው።”

ፊታቸውን አላየሁትም። ባየው ኖሮ የሚናገሩትም አይመስለኝ።

ከሦስት ወር በኋላ ሐኪሟ ጣቷን ግንባሬ ላይ አሳልፋ፣ አንድም አልቀረም አለችኝ። ባርኔጣዬን ደፍቼ ከክሊኒኩ እስከ ቤቴ እንደ ሙሽራ እየተንጎማለልኩ ሄድኩ።

ይቅር አልኳቸው ወይ? ገና ነኝ። ችግሩ ግን እስከዛሬ ጋሽ በቀለን ሳማርር ማስረጃዬን በጣቴ አሳይ ነበር። አሁን ማን ያምነኛል? ግንባሬ ለስልሶ ለእሳቸው መሰከረ።