የሦስተኛው ፎቅ ቸልተኝነት

ቸልተኝነት የሚባለው ቃል ፍርድ ቤት ሲገባ ከረባት ያስራል፤ ቤት ሲመለስ ግን ቢጃማ ለብሶ ነው የሚውለው። ችሎት ፊት «ማድረግ የሚገባውን ባለማድረጉ» ተብሎ የሚጠራው ጥፋት፣ ቤተሰብ ዘንድ ሲደርስ «ሥራ በዝቶበት ነው» ይባልና ምሳ ይቀርብለታል። ለአንደኛው ካሳ ይጠየቅበታል። ለሌላው እናቶች ሰበብ ይፈልጉለታል። እኔ ሕግ አልተማርኩም፤ የተማረ ሰው ግን በቅርብ አይቻለሁ። የማወጋችሁም ስለሱ ነው።

ቦሌ አራብሳ፣ እኔ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ እትዬ አስካለ የሚባሉ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት አሉ። አንድ ልጃቸው ሰለሞን ጠበቃ ነው፤ ቢሮው አትላስ አካባቢ፣ መስታወት በለበሰ ሕንፃ ላይ ነው። ስም ያወጣው ደግሞ በቸልተኝነት ጉዳይ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ የተተወ ጉድጓድ ውስጥ የገባ መንገደኛም፣ ሥራ ላይ ሳለ የወደቀ ግንበኛም እሱን ብሎ ይሄዳል። ከአትላስ አራብሳ ግን ሩቅ ነው፤ ኢምፔሪያል ላይም መኪና ተገትሮ ይውላል። ስለዚህ እናቱን የሚጠይቀው በስልክ ነበር። «እማ፣ ደህና ነሽ አይደል? ስብሰባ ላይ ነኝ።» ደህና ላልሆነ ሰው ቦታ የሌለው ጥያቄ ነው።

የደረጃችን መደገፊያ ብረት ከተላቀቀ ቆይቷል። ሁላችንም እናውቃለን፤ አውቀንም እንዳንነካው ተጠንቅቀን እንወርዳለን። የነዋሪዎች ኮሚቴው በየስብሰባው ያነሳዋል፣ በየስብሰባው ያሳድረዋል። አንድ ቀን ጠዋት እትዬ አስካለ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደገፍ ቢሉት ብረቱ አብሯቸው መጣ። ወደቁ፤ እጃቸው ተሰበረ። እኛ ጎረቤቶች ደግፈን ሐኪም ቤት ወሰድናቸው፤ በጄሶ ታስረው ተመለሱ።

ሰለሞን የዚያኑ ዕለት ደረሰ። መንገዱ ለካ ያን ያህል ሩቅ አልነበረም። የእናቱን ግንባር ሳመና ወደ ደረጃው ወጥቶ ብረቱን ከየአቅጣጫው ፎቶ አነሳው። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ብረቱን ያየበት ጊዜ እናቱን ካየበት ይረዝማል።

በማግስቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ጋሽ ቶሎሳ ሳል ሳል እያሉ፣ «እናትዎ ስለ ብረቱ ለኮሚቴው አመልክተው ያውቃሉ?» ሲሉ ጠየቁት።

«ማመልከት አይጠበቅባትም» አለ ሰለሞን። «ማወቅ ሲገባው ያላወቀ፣ አውቆም ያላደረገ፣ በሕግ ቸልተኛ ነው። አንዲት አረጋዊት ብቻዋን በዚህ ደረጃ እንደምትወጣና እንደምትወርድ እያወቃችሁ፣ እንዴት አንድ ቀን እንኳ አታስቡም?»

ጥያቄውን ወደ ባለቤቱ የሚመልስ ሰው ጠበቅን፤ ጨዋ ሕዝብ ነንና ማንም አልመለሰም።

ክስ ተመሠረተ። ከዚያ ወዲህ ሰለሞን ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ጀመረ። ጉዳት በማስረጃ መደገፍ አለበትና፣ እናቱ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ይጠይቃቸዋል፦ እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ? ማን ያበስልልሻል? ብቻሽን ስትሆኚ ምን ይሰማሻል? ለዓመታት ማንም ያልጠየቃቸውን ጥያቄ ሕጉ አስገድዶ አስጠየቀላቸው። እሳቸውም በደንብ ይመልሳሉ፤ መልሱ ረዝሞ ምሳ ይደርሳል፣ ምሳው ረዝሞ ይመሻል።

በዚህ መሀል ጋሽ ቶሎሳ ብረቱን አስበየዱ። የሕክምናውን ወጪ ኮሚቴው ሊሸፍን፣ እሳቸውም በአደባባይ ይቅርታ ሊጠይቁ ተስማሙና እኔን አስከትለው እትዬ አስካለ ቤት ወጡ። እትዬ አስካለ ይቅርታውን ወዲያው ተቀበሉ። ክሱን ማንሳት የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን፣ «እሱስ ይቆይ» አሉ። ጋሽ ቶሎሳ የተበየደውን ብረት ተደግፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው ወረዱ።

እኔ ወደኋላ ቀረሁ። «እትዬ፣ እርስዎ እኮ ክስ የሚወዱ ሰው አይደሉም» አልኳቸው።

«አልወድም።»

«ታዲያ?»

ጄሶው ተፈቷል። የተሰበረውን እጃቸውን አሻሹ። «ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያበዛል ይላሉ» አሉ፤ «እውነት ነው?»

«በጣም እንጂ። ዓመትም ሁለት ዓመትም ሊፈጅ ይችላል።»

የችሎት መጓተትን እንደ ምርቃት የተቀበለ ከሳሽ ያየሁት ያኔ ነው። ፊታቸው በራ።

«እንግዲህ ይሁና» አሉ። «ነገ ቅዳሜ ነው፤ ሱቅ የምትወርድ ከሆነ ሽንኩርት ይዘህልኝ ና።»